ፀሐይ የሞቀው ድንጋይና የእኔ ኩሊ

እናንተዬ፣ እኔ ጆሀንስበርግ ውስጥ ጀፕ በሚባለው ገበያ መጋረጃ የምሸጥ ሴት ነኝ። ስሜ ዘይነባ ነው፣ ዕድሜዬ ሃምሳ አንድ። ከጠዋት ጀምሮ ሜትር አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ጨርቅ እለካለሁ፤ በዙሉ ሰላም እላለሁ፣ በእንግሊዝኛ እከራከራለሁ፣ ስናደድ ደግሞ በአማርኛ ብቻዬን አወራለሁ። ስልኬ እምቢ ካለኝ የምታስተካክልልኝ ልጄ ናት። አንዴ እንኳ ለደንበኛ የመጋረጃ ፎቶ ልልክ ብዬ ለእድሩ አባላት በሙሉ የራሴን ጉልበት ፎቶ ልኬያለሁ። እንዲህ ያለችው ሴት በአሥራ ሦስት ዓመቷ የኮምፒዩተር ጨዋታ ሠርታ ነበር ብላችሁ ታምናላችሁ? ባሌ አላመነም፣ ልጄ አላመነችም፣ ጀፕ ያለው ነጋዴ ሁሉ አላመነም። "ላም አለኝ በሰማይ" እያሉ ሲስቁብኝ ሃያ ዓመት ኖሬያለሁ።

እኔ ግን ላሟን አልቤያታለሁ። ልንገራችሁ።

አባቴ ምናለሽ ተራ ነበር የሚሠራው። መርካቶን ለማታውቁ፣ ምናለሽ ተራ ሰው የጣለው ዕቃ ሁለተኛ ዕድል የሚያገኝበት ሠፈር ነው። በደርግ ጊዜ፣ እኔ ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ፣ አባቴ ከአገር ሊወጡ ከነበሩ ፈረንጆች ቤት አንድ ካርቶን ዕቃ ገዝቶ መጣ። ውስጡ ከደብተር የማይበልጥ፣ ቁልፎቹ እንደ ላጲስ ለስለስ ያሉ ጥቁር ዕቃ ነበር። አባቴ መጀመሪያ የጽሕፈት መኪና ነው አለ። ዞር ዞር አድርጎ ሲያየው ወረቀት የሚገባበት ቀዳዳ አጣ። ከዚያ የጎደለው የጽሕፈት መኪና ነው አለና እኔ ላይ ጣለው፤ "መጽሐፉን አንብቢና ምን እንደሆነ ንገሪኝ፣ ስሙን ካላወቅኩት ልሸጠው አልችልም" አለኝ።

መጽሐፉ ወፍራም ነበር፣ በእንግሊዝኛ። ከጎረቤት መዝገበ ቃላት ተዋስኩ። በሦስተኛው ሳምንት ዕቃውን ከጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥናችን ጋር አገናኝቼ ስሜን ስጽፍበት ስሜ ቴሌቪዥን ላይ ወጣ። አባቴ ከመስገጃው ላይ ተነሥቶ መጣና "ዜና ላይ ወጣሽ እኮ" አለኝ። እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ ምግብም እንቅልፍም አላማረኝም። ትእዛዝ እየጻፍኩ ነጥብ አስሮጣለሁ፣ መስመር አስምራለሁ፣ ቁጥር አስቆጥራለሁ። በመጨረሻም አንድ ጨዋታ ጀመርኩ። አንድ ኩሊ ጆንያ ተሸክሞ ከቴሌቪዥኑ ማያ ግራ ጫፍ ይነሣል፤ ወደ ላይና ወደ ታች እያለ የጭነት መኪና እየሸሸ ቀኝ ጫፍ ወዳለው መጋዘን ይሄዳል። ስሙን "ዞር በል" አልኩት። መርካቶ ውስጥ ጆንያ የተሸከመ ሰው ከኋላችሁ ሲመጣ የሚጮኸው ይህንን ነዋ።

ያ ዕቃ አንድ ጠባይ ነበረው፤ ሲጠፋ ሁሉንም ይረሳል። የጻፋችሁትን ማቆየት ከፈለጋችሁ በቴፕ ሪኮርደር ካሴት ላይ መቅዳት ነው። የሚቀዳው ድምፅ ደግሞ ጥርስ የሚያንቀጠቅጥ ጩኸት ነው። ባዶ ካሴት ከየት ይመጣል? የአባቴን የመንዙማ ካሴት ወሰድኩና እንዳይቀዳባት የምትከለክለውን ቀዳዳ በፕላስተር ደፍኜ ጀርባዋ ላይ ጨዋታዬን ቀዳሁ። አንድ ዓርብ አባቴ ከፈተው። መንዙማው አለቀ፣ ካሴቱን ገለበጠ፣ ጩኸቱ ጀመረ። የማን ድምፅ ነው ብሎ ጠየቀኝ። የእኔ ነው አልኩት። ጥቂት አዳመጠና "ጉሮሮሽን ታከሚ" ብሎ ዘጋው። አልተቆጣም።

ከጥቂት ወራት በኋላ ለዕቃው ገዢ መጣ። እኔ ስሙን ነግሬው ነበርና አባቴ ሸጠው። ካሴቷ ግን ቀረች። እኔ ሳገባም፣ ባሌን ተከትዬ ጆሀንስበርግ ስመጣም፣ ከመንዙማዎቹ ጋር በጫማ ካርቶን ውስጥ አብራኝ መጣች።

እንግዲህ የምነግራችሁ ስለ አንዲት ቅዳሜ ነው፤ ከረፋዱ እስከ አሥር ሰዓት የሆነውን።

ልጄ ሐናን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የኮምፒዩተር ሳይንስ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት። በዚያ ሳምንት ሰኞ ወደ ሱቅ መጣችና ጨርቅ ጥቅል ላይ ተቀመጠች። ፈተና ወድቃለች። መውደቋን እንኳ አልነበረም የነገረችኝ፤ መወሰኗን ነበር።

"ኡሚ፣ ዲሬጂስተር ላደርግ ነው፣ ትምህርቱን ልተወው። በሚመጣው ሰኞ የመጨረሻው ቀን ነው። ፎርሙን ሞልቼዋለሁ፣ የቀረው ፊርማ ብቻ ነው።"

ለምን አልኳት። አብረዋት የሚማሩት አባቶቻቸው ኢንጂነሮች፣ እናቶቻቸው ፕሮፌሰሮች እንደሆኑ፣ በአምስት ዓመታቸው ኮድ መጻፍ እንደጀመሩ፣ ሌክቸረሩ ቀልድ ሲቀልድ እንኳ እነሱ ሲስቁ እሷ እንደማይገባት ነገረችኝ። ከዚያም "እኛ ቤት ማን አለ?" አለችኝ።

"እኔ አለሁ" አልኳት።

ልጄ ሆስፒታል የተኛ ሰው እንደሚታይ አድርጋ አየችኝ። "ኡሚ፣ ፕሊስ። አሁን ያንን ተረት አታምጪው።"

አልጮህኩም። ግን ውስጤ ተቃጠለ። የምታፍርብኝ መስሎኝ አይደለም፤ ልጄ ከምትወደው ነገር ልትሸሽ ነው፣ የምትሸሸውም በዘሯ የሌለ ነገር የሞከረች ስለመሰላት ነው። እኔ ደግሞ ማስረጃዬ የጫማ ካርቶን ውስጥ ናት፤ የምታነብልኝ ዕቃ ግን በዓለም ላይ የለችም ብዬ አምኜ ነበር።

ሳይደግስ አይጣላም። ሐሙስ ዕለት አንድ ሽማግሌ ሱቄ ገቡና አሥራ ሁለት ሜትር ጥቁር ጨርቅ ጠየቁኝ። ሳውቦና ብለን በዙሉ ሰላም ተባባልን። ያን ያህል ጥቁር ጨርቅ ሲሉኝ ለቀብር መስሎኝ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ጠየቅኋቸው። ሳቁ። ባባ ቴምባ ይባላሉ፣ ሶዌቶ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሬዲዮ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ጨርቁ ለጠረጴዛ ነው አሉኝ፤ ቅዳሜ ራንድበርግ ሠፈር በአንድ አዳራሽ እሳቸውና ጓደኞቻቸው አሮጌ የቤት ኮምፒዩተሮችን ያሳያሉ፣ ነጭ ጨርቅ ላይ ዕቃው አያምርም። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ አሳዩኝ።

ጥቁር። ከደብተር የማይበልጥ። ቁልፎቹ እንደ ላጲስ።

እንዴት እንደጮህኩ አላውቅም። ጎረቤቴ ሌባ ገባ ብሎ ዱላ ይዞ መጣ። እኔ የባባ ቴምባን እጅ ይዤ እዘላለሁ፣ ጨርቁ መሬት ላይ ተዘርግቷል፣ እሳቸው ደግሞ ምን እንደነካኝ ባይገባቸውም አብረውኝ ይስቃሉ። ሲገባቸው እሳቸውም ጮኹ። ዕቃው ይሠራል፣ ቴፕ ሪኮርደርም አለ፣ ካሴቷን ይዘሽ ነይ አሉኝ።

ያን ቀን ማታ ከሐናን ጋር ተዋዋልን። ቅዳሜ አብራኝ ትመጣለች። ጨዋታው ከተነሣ እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ ትቆያለች፤ ካልተነሣ ሰኞ እኔው ራሴ በባኪዋ ወስጃት ስትፈርም ቆሜ አያለሁ። ባኪ የምለው ዕቃ የምናመላልስባትን ፒካፕ መኪናችንን ነው። ሐናን እጇን ዘረጋችና ጨበጠችኝ። ውሉ ቀለል አላት፤ እሷ ያሸነፈች መስሏት ነበር።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ አዳራሹ ደረስን። ወንዱ ሁሉ ሽበታም፣ ቲሸርቱ ሁሉ ከመታጠብ ብዛት የነጣ። ደስታቸው ግን የልጅ ነው። አንዱ የሌላውን ማሽን ክዳን ከፍቶ ያሸታል፤ እውነቴን ነው፣ ሽታው ያኔ የነበረው ነው ይላል። ጥቁር ሻሽ ያሰርኩ ሴት ከነልጄ ስገባ የጠፋን መስሏቸው መንገድ ሊያሳዩን ተነሡ። እኔ ግን ባባ ቴምባን አየሁና እግሬ መሬት አልነካም። በሸጥኩላቸው ጥቁር ጨርቅ ላይ ያ ዕቃ ተቀምጧል። ጣቴን ቁልፉ ላይ አሳረፍኩ። ሠላሳ ስምንት ዓመት አልፎ ጣቴ የት እንደሚሄድ ያውቃል። እንባዬ መጣ፣ ሳቄም መጣ፣ ሁለቱንም ለቀቅኋቸው።

ባባ ቴምባ ካሴቷን በብርሃን አዩዋት፣ በእርሳስ አጠበቋትና ከተቷት። ጩኸቱ ጀመረ። በዚህ ጊዜ ጉድ አየሁ። ካሴት ሲነበብ የማያው ዳር ላይ ወፋፍራም መስመሮች ይሮጣሉ። እኛ ቤት ግራጫ ነበሩ። እዚህ ቴሌቪዥኑ ባለ ቀለም ነውና መጀመሪያ ቀይና ውሃ ሰማያዊ፣ ቀጥሎም ሰማያዊና ቢጫ ሆነው ሮጡ። ያ ሁሉ ወር አብሬው ስኖር ቀለም እንዳለው አላወቅኩም ነበር። ሐናንን በክርኔ ወጋኋት። "ቢጫ ነው እኮ" አልኳት። ምን ልበልሽ የምትል ዓይነት አየችኝ።

ወዲያው ማያው ላይ አንድ ጽሑፍ ወጣ። በእንግሊዝ ፊደል፣ "ዞር በል" ይላል።

ሐናን ከተደገፈችበት ግድግዳ ቀና አለች። ቀረብ ብላ አነበበችው። መስመሮቹ ሮጡ፣ ሮጡ፣ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ቀጥ አለ። ካሴቱ አልተነበበም የሚል መልእክት ወጣ። ስሙም ጠፋ።

ባባ ቴምባ አልደነገጡም። ወደ መጨረሻው ላይ ድምፁ ይፈጥናል አሉ። ሪኮርደሩ ላይ ፍጥነት የምትቀንስ ቡሎን አለች፤ በቀጭን ካቻቢት ትንሽ አዞሯትና እንደገና አስጀመሩ። አሁን ደግሞ ገና ከመጀመሪያው አልነበብም አለ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼ ነው። ካሴቷን ሲያወጡ ሪኮርደሩ ውስጥ ቡናማ ብናኝ ቀርቷል። ጣታቸውን አስነክተው አሳዩኝ።

"ማማ፣ ካሴትሽ እየተላጠች ነው። አንድ ጊዜ ትጫወታለች። ምናልባት ሁለት። እኔ ጋ ብትተያት ወደ ኮምፒዩተር ገልብጬ ቀስ ብዬ አስተካክላታለሁ፣ ሁለት ሳምንት ስጪኝ።"

ሁለት ሳምንት። ሰኞ ግን ከነገ ወዲያ ነው። ሐናን ትከሻዬን ያዘችና፣ "ኡሚ፣ ኢትስ ኦኬ። ስሙን አይቻለሁ፣ አምኜሻለሁ። እንሂድ" አለችኝ።

ይኼ ከሁሉም ባሰብኝ። ስታላግጥብኝ ይሻለኝ ነበር። ማመኗ ሳይሆን ማዘኗ ነው የተናገረው፤ አምኜሻለሁ ያለችኝ ተጣጥፌ ወደ ቤት እንድገባ ነው። ወንበር ሳብኩና ተቀመጥኩ። አልሄድም አልኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እኔ በዚያች ሰዓት ሁለቱንም ነበርኩ።

ተቀምጬ ያንን ድምፅ በጆሮዬ መለስኩት። መጀመሪያው ደህና ነው፣ መጨረሻው ይፈጥናል። መጨረሻው ለምን ይፈጥናል? መጨረሻው ሲቀዳ ሪኮርደሩ እየዘገመ ስለነበር ነዋ። ለምን ዘገመ? ወላሂ፣ ያኔ መልሱ ራሱ እንደ ጥፊ መታኝ።

ግድግዳችን ላይ የነበረው ሶኬት አንድ ነው። ባለ ሁለት ማከፋፈያ ነበረው፤ አንዱን ቴሌቪዥኑ ያዘው፣ አንዱን ማሽኑ። ሪኮርደሩ በባትሪ ድንጋይ ነበር የሚሠራው። ድንጋይ ደግሞ በዚያን ጊዜ እንደ ልብ አይገኝም። የሞተ ድንጋይ በጥርስ ይነከሳል፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ፀሐይ ይሞቃል፤ ሲሞቅ ነፍስ ይዘራል፣ ጥቂት ይሠራል፣ እየደከመ እየደከመ ይሄዳል። ጨዋታዬን የቀዳሁት ፀሐይ በሞቀ ድንጋይ ነው። በደህና ጀምሮ ወደ ማለቂያው የደከመ ድምፅ ነው ካሴቷ ላይ ያለው። ያንን የሚያነብ በደህና ጀምሮ የሚደክም ሪኮርደር ብቻ ነው።

ለባባ ቴምባ ነገርኳቸው። አፋቸውን ከፍተው አዩኝ። ከዚያ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። "እኛም ሶዌቶ ጣሪያ ላይ እናሰጣቸው ነበር" አሉ። "እናቴ ከልብስ ጋር ደርድራ።"

ሪኮርደሩ አራት ትልልቅ ድንጋይ ይበላል። ከየት ይምጣ? ጆሀንስበርግ ውስጥ መብራት በተራ ሲጠፋ የኖረ ሰው ሁሉ የሞተ ባትሪ አለው። ባኪዬ ውስጥ ሁለት የእጅ ባትሪዎች ነበሩኝ፣ ብርሃናቸው እንደ ክብሪት ጭራ የቀረ፤ በእያንዳንዳቸው ሁለት ድንጋይ። ሮጥኩ። በሃምሳ አንድ ዓመቴ፣ በረጅም ቀሚስ፣ በራንድበርግ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ሮጥኩ። ድንጋዮቹን ከተትን፣ ባዶ ካሴት ሞከርንባቸው፤ እንደ ሰካራም ይጎትታል። በጣም ደክመዋል። ስለዚህ ፀሐይ ይሙቁ ብዬ ባኪዋ ቦኔት ላይ ደረደርኳቸው።

ወሬው አዳራሹን አዳረሰ። ሽበታሞቹ አንድ በአንድ ወጡ። የሠላሳና የአርባ ዓመት ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች አንድ የተላላጠ ፒካፕ ዙሪያ ቆመው አራት ድንጋይ ፀሐይ ሲሞቅ ይጠብቃሉ። እኔ እየሄድኩ በእጄ እነካለሁ፣ እገለብጣለሁ፣ ገና ነው እላለሁ። አንዱ ምን ያህል ይቆይ ሲለኝ፣ ድንች አይደለም፣ ሰዓት የለውም አልኩት። ሐናን ባኪዋን ተደግፋ ቆማ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ በሳምንቱ ውስጥ ስትስቅ አየኋት፤ ስልኳን አውጥታም ቪዲዮ ትቀርጸኛለች።

እኔ ግን በዚህ ሁሉ መሃል የደበቅኩት ነገር ነበር። ለእናንተ እውነቱን ልንገራችሁ። ለባሌም ለልጄም ያወራሁት ታሪክ ውስጥ ጨዋታው ያለቀ ነው፤ ኩሊው መጋዘን ይገባል፣ የሠፈር ልጆች ተሰልፈው ይጫወቱታል። ውሸት ነው። ኩሊው መጋዘን ገብቶ አያውቅም። በር ላይ ሲደርስ፣ አንድ እርምጃ ሲቀረው፣ ማሽኑ ስህተት ብሎ ይቆማል። ለምን እንደሆነ ሁለት ወር ለፋሁ፣ አልገባኝም። አባቴ ሊሸጠው ሲል "ገና ነው፣ ጥቂት ቀን ስጠኝ" ማለት እችል ነበር፤ አላልኩም። አውቄ ተውኩት። ሞኝ መሆኔን የሚነግረኝ ዕቃ ከቤት ሲወጣ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ያንን ደስታ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። እና አሁን ካሴቷ እንድትነበብ ዱዓ እያደረግኩ፣ በዚያው አፌ እንዳትነበብ እመኝ ነበር።

ድንጋዮቹ ደረሱ። ትኩስ ትኩሱን ከተትኳቸው። ባባ ቴምባ ቡሎኗን ወደ ቦታዋ መልሰዋት ነበር፤ ካሴቷን ከተው የማጫወቻውን ቁልፍ ለእኔ ለቀቁልኝ። ቢስሚላህ ብዬ ተጫንኩ።

ቀይና ውሃ ሰማያዊ። ስሙ ወጣ። ሰማያዊና ቢጫ። አዳራሹ ውስጥ ከጩኸቱ በቀር ድምፅ የለም። ያ ቀድሞ የቆመበት ቦታ ሲደርስ ሪኮርደሩ ማዝገም ጀመረ፤ ድምፁ ያዝ ያዝ አደረገ፣ ልክ አባቴ ቤት እንደነበረው። ሐናን እጄን ያዘችኝ። የጥፍሯ ምልክት እስከ ዛሬ የሚታይ ይመስለኛል። ድንጋዮቹ ደከሙ፣ ደከሙ፣ ደከሙ። ከዚያ ጩኸቱ ቆመ፣ መስመሮቹ ጠፉ፣ ማያው ነጭ ሆነ። ከታች ምንም ስህተት የለም የሚለው መልእክት ወጣ።

ተነበበ።

የሆነውን ጩኸት አልነግራችሁም። አንድ ሰውዬ ባርኔጣውን ወረወረ። ባባ ቴምባ እንደ ሠርግ ቤት ጨፈሩ። እኔ ጮቤ ረገጥኩ። ሐናን ግን ወንበሩን ስባ ተቀመጠችና ጨዋታውን አስጀመረችው። ኩሊዬ ከግራ ጫፍ ወጣ። ራሱ ክብ፣ ጆንያው አራት ማዕዘን፣ እግሩ ሁለት ጭረት፤ የዛሬ ልጅ ያየው እንደሆነ ይስቃል። ዞር በል፣ ዞር በል እያለ ከላይ ይጻፋል። መኪና መጣ፣ ወደ ላይ አሳለፈችው። ሌላ መጣ፣ ወደ ታች። ጎበዝ ናት። ተሰብሳቢው "ቀኝ፣ ቀኝ" ይላል። መጋዘኑ በር ላይ ደረሰ። አንድ እርምጃ ቀረው።

ቀጥ። ስህተት።

ሐናን ዞራ አየችኝ። ካሴቷ ተበላሽታ ነው ማለት እችል ነበር፤ ባባ ቴምባም ይመሰክሩልኝ ነበር፣ ብናኙን ሁሉም አይቷል። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር።

"ካሴቷ አይደለችም" አልኳት። "ያኔም እዚህ ነበር የሚወድቀው። ጨርሼው አላውቅም። ዋሽቼሻለሁ።"

"አላስተካከልሽውም?"

"አቃተኝ። አቅቶኝ ነው የተውኩት።"

የጠበቅኩት ቁጣ አልመጣም። ፊቷ ላይ የመጣውን ስም ልሰጠው አልችልም፤ በሃያ ዓመቷ አይታኝ የማታውቅ ያህል አየችኝ። ከዚያ ወደ ማሽኑ ዞረችና የጻፍኩትን ሁሉ አስዘረዘረችው። መስመር በመስመር ትወርዳለች፤ እኔ ከኋላዋ ቆሜ የአሥራ ሦስት ዓመቷን ራሴን አነባለሁ። ከመጨረሻው ጥቂት ከፍ ብሎ አንድ መስመር ላይ ቆመች። ማሽኑ የማያነበው፣ ጸሐፊው ለራሱ የሚጽፈው የማስታወሻ መስመር ነው። በእንግሊዝ ፊደል እንዲህ ይላል፤ "ነገ አስተካክለዋለሁ።"

ረስቼው ነበር። ወላሂ ረስቼው ነበር። ሐናን ጮክ ብላ አነበበችውና ጣቷን ከሥሩ ባለው መስመር ላይ አሳረፈች።

"ኡሚ፣ ማያው ላይ ስንት ቦታ አለ ብለሽ ነው?"

"ሠላሳ ሁለት። መጽሐፉ ነው ያለው።"

"ልክ ነው። ግን የመጀመሪያው ቦታ አንድ አይደለም፣ ዜሮ ነው። ስለዚህ የመጨረሻው ሠላሳ አንድ ነው። አንቺ ኩሊውን ሠላሳ ሁለት ቁጥር ላይ ልታወርጂው ነው፤ ከግድግዳው ውጪ።" ከዚያ ቀስ ብላ ጨመረች፣ "እኔ ፈተና ላይ የወደቅኩት በዚሁ ዓይነት ስህተት ነው። እኔ ብቻ መስሎኝ።"

እኔ የነጋዴ ልጅ ነኝ። መርካቶ ውስጥ አንድ ብሎ የማይጀምር ሰው የለም። ጆንያ ሲቆጠር ዜሮ የሚባል ጆንያ የለም። ያ ሁሉ የሁለት ወር ለቅሶ፣ ያ ሁሉ ውሸት፣ ለአንዲት ጆንያ ነበር። ሳቄ አመለጠኝ። ሐናንም ሳቀች። ባባ ቴምባ ምን እንደተባለ ሲተረጎምላቸው ጠረጴዛውን እየመቱ ሳቁ።

ሐናን ከቁልፎቹ ላይ ተነሣችና ቦታውን ለቀቀችልኝ። "አንቺ ቀይሪው" አለችኝ። ከሠላሳ ሁለት ላይ ሁለትን አጠፋሁ፣ በቦታው አንድን ጻፍኩ። አስጀመርነው። እሷ ነዳችው። መኪና፣ ወደ ላይ። መኪና፣ ወደ ታች። በሩ ላይ ደረሰ። አንድ እርምጃ።

ገባ። ሠላሳ ስምንት ዓመት የተሸከመውን ጆንያ አወረደ።

ቀሪውን በአጭሩ ልንገራችሁ። ሰኞ ፎርሙ አልተፈረመም። ሐናን በድንገት ሊቅ ሆነች አልላችሁም፤ ያንን ትምህርት ያለፈችው ተንፏቅቃ ነው፣ አሁንም አንዳንድ ማታ እያለቀሰች ታጠናለች። ግን ሲያቅታት ወደ እኔ ትመጣለች። አብረን እናያለን፣ አብረን አይገባንም፣ አንዳንዴ አብረን ይገባናል። እኔም ቅዳሜ ከሰዓት ሱቄን ዘግቼ ባባ ቴምባ ጋ እሄዳለሁ። ባሌ ደንበኛ ይሸሻል እያለ ያጉረመርማል፣ በነገራችን ላይ እሱም "ዞር በል"ን ይጫወታል፤ ኩሊውን በየመኪናው ያስደፈጥጣል።

ውድ አንባቢዎቼ፣ ልጆቻችንን ለማበርታት ብለን የድላችንን ወሬ ስንት ዓመት አወራንላቸው? እኔ ሃያ ዓመት አውርቻለሁ፣ ልጄን አንዲት እርምጃ አላስኬዳትም። ያስኬዳት "አቅቶኝ ነበር" ማለቴ ነው። ሌላውን አላውቅም፤ በእኔ ቤት የሆነው ይኼ ነው።

ባባ ቴምባ ያንን ማሽን እስክትጠግቢው ድረስ ያዢው ብለው አዋሱኝ። የተስተካከለውን ጨዋታ በአዲስ ካሴት፣ በአዲስ ድንጋይ ቀድተነዋል። በቀደም ዕለት ሐናን ክፍል ሄዳ ሳለ ያቺን ካሴት ብቻዬን ከፈትኩና የትእዛዞቹን ዝርዝር ማንበብ ጀመርኩ። ያ የማስታወሻ መስመር እንዳለ አለ፤ "ነገ አስተካክለዋለሁ።" ከሥሩ ግን እኔ ያልጻፍኩት አንድ መስመር ገብቷል።

"ኩሊው ደርሷል። ሐናን፣ የዘይነባ ልጅ።"